ኦሪጅናል ካልሆነ አይነካትም

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ግቢ የቆመችው የ1965 (እ.ኤ.አ.) ቮልስ እየታደሰች ነው። ባለቤቷ «ከኦሪጅናል ዕቃ በቀር አላስነካትም» ስላሉ፣ እስካሁን ማንም አልነካትም። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ግን ሁሉም ነገር ኦሪጅናል ነው። «ጋሼ፣ የጀርመን ነው!» ካርቶኑስ አዎ፤ ዕቃው ላይ የተቀረጸው «ሜክሲኮ» ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ይህም ውርደት አይደለም፤ የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣችው ከሜክሲኮ፣ ከፑዌብላ ፋብሪካ ነው።

ይልቅ አምፖሉ ነው ጉዱ። የእሳቸው ቮልስ 6 ቮልት፣ የተሸጠላቸው አምፖል 12። መብራቱ ይበራል፤ መብራቱን ለማየት ግን የእጅ ባትሪ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል።

አሁን እያንዳንዱን ዕቃ በማጉያ መነጽር ይመረምራሉ፤ የዕቃ ቁጥሩ ከቮልስ መለያዎች አንዱ በሆነው በ113 ካልጀመረ ፊታቸው ይጠቁራል። በሯን ጠፍሮ የያዘው ሽቦ ብቻ ቁጥር አይጠየቅም።