ለብየዳ ማሽን መመሪያ ጸሐፊ፦ ግልጽ ደብዳቤ ከሆሳዕና

ለ፦ በኤሌክትሮድ፣ በሚግና በቲግ የሚበይድ ማሽን መመሪያ አዘጋጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ መመሪያው የሚሠራበት አገር እንዲገለጽልን ስለመጠየቅ

ማሽንዎ ሆሳዕና ገብቷል። መመሪያውንም ከዳር እስከ ዳር አነበብነው። መብራት የማይዋዥቅበት፣ ነፋስ የማይነፍስበት፣ ጋዝ የማያልቅበት አገር ስለመኖሩ በመስማታችን ደስ ብሎናል። ቪዛ ከሰጠ ያሳውቁን፤ ልጆቻችን በደቡብ አፍሪካ መንገድ ተለማምደዋል። የምንበይደውም በር አብዛኛው በእነሱ ገንዘብ የሚሠራ ነው።

አንደኛ፣ 220 ቮልት ላይ እንድንሰካ ያዛሉ። ሰካን። ረፋድ ላይ የሰፈሩ ምጣድና ወፍጮ ሲነሣ ቮልቱ ይወርዳል። ማሽንዎ ደግሞ ጉልበቱ እንዳይቀንስ ብዙ አምፔር ይስባል፤ ቀጭኑ ማራዘሚያ ይግላል፣ ብሬከሩም ይወድቃል። መፍትሔዎ የኃይል አቅርቦቱን እንድናስተካክል ነው። እሺ፤ ከሕዳሴ ግድብ እንጀምር ወይስ ከሰፈሩ ትራንስፎርመር?

ሁለተኛ፣ 60 በመቶ ያሉት ከ10 ደቂቃ 6ቱን በይዶ 4ቱን ማረፍ መሆኑ ገብቶናል። ነገር ግን አይኢሲ 60974-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ይህን የሚያሰላው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ሰው ነው። ሆሳዕና ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው ሙቀቱን እንደ ቆላው አያወጣም፤ ቢጫዋ የሙቀት ማስጠንቀቂያ መብራት ከተባለው ሰዓት ቀድማ ትበራለች። ረዳቱ ልጅ ደንግጦ ስፒናውን ይነቅላል፣ ማራገቢያውም አብሮ ይቆማል፣ ሙቀቱ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ይቀራል። «አትንቀሉ» የሚለውን ምክር ግን አጉሊ መነጽር ላለው ብቻ በሚነበብ ፊደል አኑረውታል።

ሦስተኛ፣ ጋዙን በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር እንድንለቅ ይመክራሉ። ጋዛችን ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ ይመጣና መንገድ ዳር ስንበይድ ነፋስ ይወስደዋል፤ ብየዳውም እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል። ስለዚህ ጋዝ የማይጠይቀውን፣ ዱቄት በውስጡ የያዘውን ሽቦ ገዛን። ለእሱ ግን ቶርቹ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ መዛወር አለበት። ይህን ያልሰማ በያጅ ፍንጣሪ ሲዘንብበት ይውላል፤ የብልሽት ሰንጠረዥዎ ግን ጥፋቱን በሽቦው ያሳብባል።

ሰንጠረዡ በመጨረሻ ወደ ሕጋዊ ወኪል ይመራናል። ወኪላችንን፣ የሰፈሩን ጠጋኝ፣ እናስተዋውቅዎ። ሆሳዕናም፣ ዱራሜም፣ ሾኔም አይታጣም። መጀመሪያ ማሽኑ እየበየደ ሳለ ቮልቱን ይለካል፤ ገመዱን ያሳጥራል፣ ያወፍራል፤ የመሬቱ መቆንጠጫ የሚነክስበትን ቀለምና ዝገት ይፍቃል፤ ፖላሪቲውን ያያል። ክዳኑን የሚፈታው ይህ ሁሉ ካልሠራ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሳይፈታው ይሄዳል። በሚቀጥለው እትም የእሱን ሥራ በመጀመሪያው ገጽ ያስፍሩልን፤ ሽፋንዎ ላይ ያለችውን ፈገግተኛ በያጅ ወደ ኋላ ቢገፉልን አንቀየምም።

ካላመኑን ለያሆዴ ወይም ለመሳላ በዓል ይምጡ። ያኔ የበር ባለቤት ሁሉ «በሬ ከበዓል በፊት ይሰቀልልኝ» ይላል፣ መብራትም ያንኑ ቀን መርጦ ይሄዳል። አይጨነቁ፤ የበዓሉ ምግብ አተካና ቀርቦ እንጠብቃለን። ለማሽኑ ያዘዙትን የ4 ደቂቃ ዕረፍት እኛ በሰዓታት እናከብረዋለን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሆሳዕና በያጅ

ግልባጭ፦
ለመብራት (በመጣ ጊዜ)