አዲስ ቦንድ ሲወጣ በአግባቡ መናደድ

የጄምስ ቦንድ አዲስ ፊልም ሊወጣ ነው ሲባል ተራው ተመልካች የሚያደርገው ይታወቃል። ቀኑ ሲደርስ ቲኬቱን ይቆርጣል፣ ፈንዲሻውን ታቅፎ ይገባል፣ ያያል፣ ይወጣል። ደስ ካለው «አሪፍ ነው» ይላል፤ ካላለው ታክሲ ተሳፍሮ ቤቱ ይገባል፣ በማግስቱም ረስቶታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ምክር የለኝም። ይህ የተጻፈው ለእርስዎ፣ ፊልም በሰላም አይቶ መውጣት ለማይሆንልዎት ቁርጠኛ አድናቂ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልኝ፤ ቦንድ የኛን አያውቅም።)

ከሁሉ በፊት ፍርዱን ከማየት ያስቀድሙ። ካዩ በኋላ የሚሰጡት አስተያየት በማስረጃ ይበከላል። አርአያ የሚሆኑዎት የ2005ቶቹ አድናቂዎች ናቸው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ዳንኤል ክሬግ በባሕር ኃይል ፈጣን ጀልባ ቴምዝ ወንዝ ላይ እየበረረ መጥቶ ለጋዜጠኞች ሲተዋወቅ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሶ ነበር። አለቀ። ቦንድ እንዴት መንሳፈፊያ ይለብሳል? ጸጉሩ ወርቃማ ነው ተባለ፣ ቁመቱ አይበቃም ተባለ፣ ፊቱም የቦንድ ሳይሆን ቦንድ የሚገድለው ሰው ፊት ነው ተባለ። ፊልሙን አናይም ብለው የተማማሉ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት ካሲኖ ሮያል ወጣና በገቢ ከሱ በፊት የነበሩትን የቦንድ ፊልሞች ሁሉ በለጠ። ታዲያ የተማማሉት አፈሩ? በፍጹም። በ2021 ክሬግ ሲሰናበት «እሱን የሚተካ ከየት ይገኛል» ብለው ካለቀሱት ውስጥ እነሱ እንደሚበዙ እገምታለሁ። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፤ ዛሬ የተሳደቡበትን ሰው ነገ የሚመጣውን መሳደቢያ ያድርጉት።

ተዋናዩ ላይ ከፈረዱ በኋላ ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ መኪናው ይለፉ። እዚህ ላይ ሕጉ አጭር ነው። እውነተኛ የቦንድ መኪና አንድ ብቻ ነው፤ በ1964ቱ ጎልድፊንገር የታየችው ብርማዋ አስቶን ማርቲን ዲቢ5። የሰሌዳዋን ቁጥር ቢኤምቲ 216ኤ ብለው በቃልዎ ይያዙ፤ የባለቤትዎን የልደት ቀን ቢረሱ ይቅር ይባላል። ኢያን ፍሌሚንግ የጻፋቸውን ልብ ወለዶች ግን አደራ እንዳይከፍቱ። እዚያ ውስጥ ቦንድ በመጀመሪያ የሚነዳው አሮጌ ቤንትሊ ነው። ጎልድፊንገር በ1959 በመጽሐፍ ሲወጣም አስቶን ማርቲኑ ዲቢ ማርክ 3 ነበር፤ ዲቢ5 ገና አልተሠራችም። የመጀመሪያው ፊልም፣ የ1962ቱ ዶክተር ኖ ላይ ደግሞ ሰውየው ጃማይካ ውስጥ የሚሮጠው በሰማያዊ ሰንቢም አልፓይን ነው። ይህን የሚያነሳብዎት ሰው ከመጣ «እሱማ መነሻው ነው» ብለው ይለፉት።

1995ን ግን ፈጽሞ አይርሱ። ጎልደንአይ ላይ ቦንድ ቢኤምደብሊው ዜድ3 ተሰጠው። የእንግሊዝ ንግሥት ሰላይ፣ የጀርመን መኪና! ሐዘኑን እንደ ትናንት ያድርጉት። መኪናዋ ከፊት መብራቷ ጀርባ ሚሳይል አላት ተብሎ እዚያው ፊልም ውስጥ ተወርቶላት፣ አንዷንም ሳትተኩስ መሸኘቷ ትክክለኛ ቅሬታ ነበር፤ ስለዚህ እርስዎን አይመለከትዎትም። የእርስዎ ቅሬታ ዜግነቷ ነው። ዜግነት ውስጥ ከገቡ ደግሞ የማንንም መኪና ሊብሬ አይጠይቁ። አስቶን ማርቲን ከ1987 እስከ 2007 በአሜሪካው ፎርድ እጅ ነበር። በ2002 ዳይ አናዘር ደይ ላይ «ቦንድ ወደ እንግሊዝ መኪናው ተመለሰ» ተብሎ ሲጨበጨብ ጭብጨባው የሚደርሰው አትላንቲክን ተሻግሮ ነው። ካሲኖ ሮያል ላይ ቦንድ ባሃማስ ውስጥ ፎርድ ሞንዴዮ ይዞ ብቅ ሲል የገረማቸው ሊብሬውን ያላዩ ናቸው። ጃጓርና ላንድ ሮቨር ከ2008 ወዲህ የሕንዱ ታታ ንብረት ናቸው፤ ይህንንም አልሰሙም።

የሚያምኑትንና የማያምኑትን ለይቶ ማወቅም የአድናቂ ወግ ነው። በ1977 ሎተስ ኤስፕሪት ባሕር ውስጥ ዘላ ገብታ ጎማዎቿን አጥፋ ሰርጓጅ መርከብ ስትሆን ይመኑ። በ2002 አስቶን ማርቲን ቫንኲሽ ከዓይን ስትሰወር ግን «የተመልካችን አእምሮ መናቅ ነው» ብለው ይነሱ። ልዩነቱን እንዲያስረዱ ከተጠየቁ ድሮ የታየው ሁሉ እውነት ነው ይበሉ። የ1977ቱን ሲያዩ ልጅ እንደነበሩ አይናገሩ።

አሁን ወደ ማስታወቂያው ቅንጫቢ እንምጣ፤ ትሬለር ወደሚሉት። ትሬለር የሚታየው በስልክ፣ በካፌ፣ ሰው መካከል፣ እየተቆመ ነው። አንድ ወዳጄ ይህን አሳምሮ ይችልበታል። ማኪያቶው ፊቱ ቀዝቅዞ አናቱ ላይ ቆዳ ሠርቷል፤ እሱ በሁለት ጣቶቹ የስልኩን ስክሪን እየለጠጠ መኪናዋን ያጎላታል። «ተመልከት! የጎን መስታወቷን ተመልከት!» ይለኛል። እያለ እያለ ሥዕሉ ተበጣጥሶ አራት ማዕዘን ጠጠር ብቻ ቀርቷል። እሱ ግን በጠጠሮቹ መካከል የተሳሳተ መስታወት አይቷል፤ የዚያ ዓመት ሥሪት አይደለም ይላል። አስተናጋጇ «ይሙቅልህ ወይ?» ስትለው «ቆይ እስቲ፣ እዚች ሰከንድ ላይ ነኝ» አላት። ቀስ ብዬ ታሪኩ ስለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «የምን ታሪክ?» አለኝ። እዚህ ደረጃ ላይ መድረስ ይፈልጋሉ።

ፊልሙን እንዲያው ተገደው ካዩ ደግሞ አተያይም አለው። ለምሳሌ የሳም ሜንደስን ስፔክተር፣ የ2015ቱን፣ እንውሰድ። አስቶን ማርቲን ለዚህ ፊልም ብላ ዲቢ10 የተባለች መኪና አሥር ብቻ ሠራች። ሮም ውስጥ በሌሊት የሚያሳድዳት ጃጓር ሲ-ኤክስ75 ነው፤ እሱም ገበያ ሳይደርስ የቀረ የሙከራ መኪና። እንግዲህ ማንም ሊገዛቸው የማይችል ሁለት መኪኖች በባዶ ጎዳና ላይ ይሮጣሉ። እርስዎ የሞተር ድምፅ እየመዘኑ፣ ማርሽ እየቆጠሩ፣ ስለ ጎማ ስፋት እያጉረመረሙ ይዩት። ጎንዎ የተቀመጠው ሰው ዝም እንዲል ሳይሆን እንዲሰማዎት ጮክ ይበሉ።

እንዲህ ሲያዩት ትዕይንቱ ውስጥ ያለችው ብቸኛ ሕይወት ያላት ነገር ታመልጥዎታለች፤ ግቡም ይኸው ነው። ቦንድ መኪናዋን ሰርቆ ነው የወጣው፤ የተዘጋጀችው ለሌላ ሰላይ፣ ለ009 ነው። ስለዚህ የኋላ መትረየሷን ሲጫን ጥይት አልጎረሰችም። ሌላ ማብሪያ ሲነካ ሙዚቃ ይለቅበታል። ጠባብ መንገድ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ከፊቱ አንዲት ትንሽ ፊያት 500 ተገትራለች፤ ውስጧ አንድ ሽማግሌ ኦፔራ ከፍቶ፣ አብሮ እየዘፈነ፣ ለማንም ሳይቸኩል ይሄዳል። ቦንድ ከኋላ ገፍቶ ያስሮጠዋል፤ ሰውየው መሪውን ሙጥኝ ብሎ ይጮሃል። መጨረሻ ላይ ቀስ ብሎ ከምሰሶ ጋር ሲሳሳም የአየር ከረጢቱ ፊቱ ላይ ይነፋል። በሚሊዮን ከሚገመቱት መኪኖች ሁሉ ያሳቀችኝ ይህቺ ናት። ቁርጠኛ አድናቂ ግን ፊያቷን አላየም፤ የዲቢ10ን የኋላ መብራት እያየ ነበር።

የእንባ አወጣጥም ትምህርት ይፈልጋል። በ2012ቱ ስካይፎል ዲቢ5 ስኮትላንድ ውስጥ በመትረየስ ተቦዳድሳ ስትቃጠል ያልቅሱ፤ ከሞተ ሰው በላይ ያልቅሱላት። የተቃጠለችው የእውነተኛዋን ሲሶ የምታክል፣ በስሪዲ ፕሪንተር የተሠራች ሞዴል መሆኗን የሚነግርዎት ሰው ሐዘን አያውቅም። በሚቀጥለው ፊልም መጨረሻ ተጠግና መመለሷንም ችላ ይበሉ። እንባ የሚገባት ካሲኖ ሮያል ላይ የተከሰከሰችው፣ ሞዴል ያልነበረችው ዲቢኤስ ነበረች። አልገለበጥም ብላ ስላስቸገረች ሥሯ በናይትሮጅን የሚተኩስ መድፍ ተገጠመላት፤ ሾፌሩ አዳም ከርሊ ውስጧ ተቀምጦ ሰባት ጊዜ ተንከባለለች፣ ጊነስ መዝገብ ላይም ሰፈረች። ለሷም ለሾፌሩም ያለቀሰ አልሰማሁም።

ገንዘብ ካለዎት ፍቅርዎን በግዢ ይግለጹ። አስቶን ማርቲን የጎልድፊንገሯን ዲቢ5 እንደገና ሠርቶ 25 ደንበኞች እንዲገዙ አቅርቦ ነበር፤ ዋጋዋ 2.75 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ቀረጥ ሳይጨምር። ሰሌዳዋ ይሽከረከራል፣ ጭስ ትተፋለች፣ የፊት መትረየሷ የውሸት ነው። በሕዝብ መንገድ ላይ መንዳት ግን አይፈቀድም። ግቢዎ ሰፊ ይሁን። ባሕር የገባችውን ሎተስ የገዛው ኢሎን መስክ ነው፤ በ2013 ለንደን ላይ ለጨረታ ስትቀርብ ከግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አወጣባት። በኋላ እንደ ፊልሙ ከመኪና ወደ ሰርጓጅ እንደማትለወጥ ሲያውቅ ማዘኑን ተናገረ። ሮኬት የሚያመጥቅ ሰው እንዲህ ካዘነ እርስዎ ቢያዝኑ ማን ይፈርድብዎታል?

አዲስ አበባ ላይ ያለ አድናቂ የራሱ መንገድ አለው። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በቪ8 እና በቪ12 ሞተር መካከል ያለው ክርክር ከነገረ መለኮት ጋር እኩል ሆኗል፤ ማንም አያያቸውም፣ ሁሉም ይሟገትላቸዋል። ራይድ ጠርተው ቪትዝ ሲመጣልዎት ጥቁር መነጽርዎን ያድርጉ፣ ኮትዎን ያስተካክሉ፣ ከኋላ ወንበር «ተከተለው» ይበሉ። ሾፌሩ «ማንን ጌታዬ? እዚህ የሚለው ገርጂ ነው» ቢልዎት አይሸነፉ።

የሚከብደው ፈተና የሚመጣው ኖ ታይም ቱ ዳይ ላይ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ቦንድ አንዲት ሴትንና ሕፃን ልጇን ይዞ ይሸሻል። የያዘው መኪና ምን ይመስልዎታል? አሮጌ ቶዮታ ፕራዶ። የሚያሳድዱት አዳዲስ የሚያብረቀርቁ ሬንጅ ሮቨሮች ናቸው፤ እየተገለባበጡ ይቀራሉ፣ ፕራዶዋ ትሄዳለች። እኛ አገር ላንድክሩዘር ገጠር ወጥቶ ያልገፋ፣ ጭቃ ውስጥ ያልወረደ ሰው ጥቂት ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ሲኒማው ሙሉ ተነስቶ ማጨብጨብ ይገባው ነበር። እርስዎ ግን እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉ። ለመሥሪያ ቤት የመስክ መኪና አይጨበጨብም። ለዲቢ5 የቆመላት ክብር ይበላሻል።

በዚያው ፊልም የሚመጣውን ለሌሎች ቀድመው ይንገሩ። በእኛ አገር ሲኒማ ቤት ያደገ ሰው አንድ የማይናወጥ ሕግ ያውቃል፤ አክተር አይሞትም። ቢመታም ይነሳል፣ ቢወድቅም ገመድ ይይዛል። በ2021 አክተሩ ሞተ። (ካላዩት ይቅርታ፤ ምክሬን ስከተል ነው።) ያን ጊዜ አንዳንዱ አድናቂ ደስ የማይል ዝምታ ውስጥ ገባ፤ የመኪና መስታወት ስህተት ለማግኘት ሲዘጋጅ ሰው ሞተበት። ለዚህ ዓይነት ክፉ ቀን መድኃኒቱ ወደ መስታወቱ መመለስ ነው።

በ2025 መጀመሪያ ላይ የቦንድ ፊልሞች ዕጣ ፈንታ ከፕሮዲዩሰሮቹ ከብሮኮሊ ቤተሰብ እጅ ወጥቶ አማዞን እጅ ገባ። በሰኔ ወር ደግሞ ዴኒ ቪልኔቭ የሚቀጥለውን እንደሚያዘጋጅ ተነገረ። ያን ቀን ተዋናዩ አልተመረጠም፣ ታሪኩ አልተጻፈም፣ መኪናውም አልታወቀም ነበር። ለመናደድ የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቶ ነበር ማለት ነው። እስካሁን ካልጀመሩ ዘግይተዋል።