በእረፍት ሰዓት ዋንጫ አይሰጥም

«ጣልነው እንጂ አላሸነፋችሁንም» ይለኛል ኮሊንግዉድን የሚደግፈው ወዳጄ። ይሁን፣ ጣላችሁት። የወደቀ ዋንጫ ግን በራሱ እግር ተራምዶ ካርልተን ቤት አይገባም፤ ጎንበስ ብሎ ያነሳው ሰው አለ። ዛሬ የምሟገተው ለዚያ ላነሳው ሰው ነው።

ነገሩ ከተፈጸመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 1970፣ ሜልበርን ክሪኬት ግራውንድ፣ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ካርልተን ከኮሊንግዉድ። ስታዲየሙ ውስጥ 121,696 ሰው ነበር። ለአውስትራሊያ እግር ኳስ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ አያውቅም። ካርልተንና ኮሊንግዉድ የቡድን ስም ብቻ አይደሉም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር የሚኬድባቸው ሰፈሮችም ናቸው። በሁለቱም ሰፈር ባሉት ረጃጅም የመንግሥት ኪራይ ፎቆች ውስጥ ብዙ የእኛ ሰው ይኖራል። ልጆቻችን ያቺን ሞላላ ኳስ እየጠለዙ ሲያድጉ ክርክሩም አብሯቸው ቤት ገባ። አቦል ላይ የተነሳ የ1970 ነገር በረካም ላይ አያልቅም።

«በእረፍት ሰዓት እኮ በ44 ነጥብ እየመራን ነበር!»

አዎ፣ 73 ለ29። ማን ካደ? ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ በእያንዳንዱ ጫፍ አራት ቋሚ ተተክሏል። በመካከለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መሃል የገባ ጎል 6 ነጥብ ነው፤ በመካከለኛውና በዳር ባለው ቋሚ መሃል ያለፈ ደግሞ ቢሃይንድ ይባላል፣ 1 ነጥብ ነው። ስለዚህ 44 ነጥብ ማለት ተጋጣሚህ ምንም ሳይጨምር ከሰባት ጎል በላይ ልታገባ ይገባሃል ማለት ነው። በመጀመሪያው ሩብ ደግሞ ካርልተን አንድ ጎል እንኳ አላገኘም፤ ሦስት ቢሃይንድ ብቻ ይዞ ወጣ። ሁሉንም አምናለሁ። ነገር ግን ጨዋታው አራት ሩብ አለው። እናንተ ሁለቱን ወሰዳችሁ፣ እኛም ሁለቱን ወሰድን፣ የእኛ ሁለቱ ከበዱ። በእረፍት ሰዓት ዋንጫ የሚያድል ዳኛ ካለ ስሙን ንገሩኝና ሄጄ ልክሰሰው።

«በዚያ ዓመት ሦስቴ ገጥመን ሦስቴም አሸንፈናችኋል።»

ለዚህ ነዋ አራተኛው የጣፈጠን! ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሦስቱን ጊዜ ያሸነፈ ቡድን አራተኛውንም በኪሱ ያስገባ መስሎት ከነበረ፣ ኪሱ ቀዳዳ መሆኑን ማወቅ የነበረበት እሱ ነው።

«ኳሷን ወደ ጎል የመታነው ከእናንተ ይበልጥ ነው።»

እውነት ነው። እናንተ 31 ጊዜ ነጥብ አስቆጠራችሁ፣ እኛ 26 ጊዜ። የእናንተ ግን 14 ጎልና 17 ቢሃይንድ ነው፣ የእኛ 17 ጎልና 9 ቢሃይንድ። ቋሚዎቹ ለሁላችንም የተተከሉት አንድ ቦታ ነው፤ ለካርልተን ሰፋ አድርጎ የተከለ የለም። በእረፍት ሰዓት የነበራችሁ 13 ቢሃይንድ ግማሹ እንኳ ጎል ቢሆን ኖሮ እኔም ዛሬ አፌን ዘግቼ ቡናዬን እጠጣ ነበር።

«ማኬና ተጎድቶብን ነው።»

እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ሰውየው ይገባዋል። ፒተር ማኬና እስኪጎዳ ድረስ የእኛን ተከላካዮች መቆሚያ ቦታ አሳጥቷቸዋል፤ በጨዋታው በጠቅላላ 6 ጎል አስቆጥሯል። የተጎዳው ግን ከራሱ ጓድ ከዴስ ተደናም ጋር ተጋጭቶ ነው። ለሰውየው አዝናለሁ፤ ግጭቱን በካርልተን ሒሳብ ላይ ለማስመዝገብ ለምትሞክሩት ግን አላዝንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ወዳጄ ሁሉ ነገር ሲያልቅበት የሚመዘው «የሆፕኪንስ ነገር ዕድል ነው» የሚለውን ነው። እኔም ቡና ቀርቦልኝ የማልጠጣው እዚህ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን አንድ ቡድን የነበረው ተጠባባቂ ሁለት ብቻ ነበር። የወጣ ተጫዋች ደግሞ ተመልሶ አይገባም፤ እንደ ዛሬው እየገቡ እየወጡ መጫወት የተጀመረው በ1978 ነው። አሠልጣኛችን ሮን ባራሲ በእረፍት ሰዓት በርት ቶርንሊን አውጥቶ ቴድ ሆፕኪንስን ሲያስገባ፣ ከነበሩት ሁለት ጥይቶች አንዱን መተኮሱ ነበር። ተሳስቶ ቢሆን የሚመልስበት መንገድ አልነበረውም። ሆፕኪንስ ደግሞ ስሙ ሲጠራ ስታዲየም የሚያናውጥ ኮከብ አልነበረም፤ በካርልተን ማሊያ በሕይወቱ የተጫወተው ጨዋታ በጠቅላላ 29 ነው። ያ ሰው ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ 4 ጎል አገባ። አንዱን ዕድል በሉት፣ እሺ። ሁለተኛውንም ልጨምርላችሁ። አራቱንም ዕድል የምትሉ ከሆነ ግን ያን ዕድል በግማሽ ሜዳ አሳድዳችሁ መያዝ የነበረባችሁ እናንተው ናችሁ፤ አጥር ሆኖ አልቆመም፣ ሲሮጥ ነበር።

ሁለተኛው ትእዛዝ ደግሞ ከቅያሪው የባሰ ድፍረት ነው። በዚህ ጨዋታ በእግር የተመታ ኳስ ከአየር ላይ የያዘ ሰው «ማርክ» ይባልለታል። ማንም ሳይነካው ቆም ብሎ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ወደፊት አነጣጥሮ መምታት ይችላል። የዘመኑ ጨዋታ ይህ ነበር፦ ያዝ፣ ቁም፣ ጠልዝ። ባራሲ ግን አትቁሙ አላቸው። ኳሷን በአንዱ እጅ መዳፍ ላይ አስቀምጡና በሌላው ቡጢ እየመታችሁ፣ በአጠገባችሁ እየሮጠ ለሚያልፈው ጓዳችሁ አቀብሉ፤ እሱም ለሌላው ያቀብል። በ44 ነጥብ የሚመራ ሰው ፊት ኳስን ከእጅ ወደ እጅ ማመላለስ ቀላል አይደለም። አንዷ ብታመልጥ በራስህ ጎል ፊት ለፊት ትወድቃለች። ተጫዋቾቹ አመኑት፣ ሮጡ። የኮሊንግዉድ ልጆች ኳስ የያዘውን ሊጥሉ ሲደርሱ ኳሷ ከእሱ ዘንድ የለችም፤ ወደ ሁለተኛው ሲዞሩ ሦስተኛው ይዟት እየሮጠ ነው። በሦስተኛው ሩብ ካርልተን 8 ጎል አገባ፣ አንድም ቢሃይንድ አልመታም። ስምንት ለባዶ ስሕተት! ይህን ዕድል የሚል ሰው ሎተሪ ምን እንደሚለው ይንገረኝ።

እንዲያም ሆኖ ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ አሁንም በ17 ነጥብ ከኋላ ነበርን። «ደክሞን ነው» የምትሉን ይህን አስታውሱ። ያን ሁሉ ርቀት ሮጦ ገና ከኋላ የነበረው ማን ነው? በአራተኛው ሩብ እኛ 5 ጎልና 4 ቢሃይንድ፣ እናንተ 1 ጎልና 1 ቢሃይንድ። የእኛው የአሌክስ ጀዛውሌንኮ የመጨረሻ ምት መሬት ላይ እየነጠረች፣ ጠባቂ በሌለበት ባዶ ጎል ውስጥ ስትገባ ሒሳቡ ተዘጋ፦ 111 ለ101። ከመመራት ተነስቶ በ10 ነጥብ።

የእኛንም ሰዎች አልምርም። ካርልተንን የሚደግፍ አንድ ወጣት «ጨዋታውን ያሸነፍነው በጀዛ ማርክ ነው» ይላል። ልጄ፣ ተቀመጥና ፊልሙን ከመጀመሪያው እይ። ጀዛውሌንኮ በኮሊንግዉዱ በግሬም ጄንኪን ትከሻ ላይ ወጥቶ ኳሷን ከሰማይ የቀጠፈው በሁለተኛው ሩብ ነው፤ እኛ ስንገረፍ በነበረበት ሰዓት። ከዚያ ማርክ በኋላ ገብተን ያረፍነው በ44 ነጥብ ተመርተን ነው። እጅግ ውብ ነው፣ ዛሬ የዓመቱ ምርጥ ማርክ ሽልማት በእሱ ስም መጠራቱም ይገባዋል። ግን ዋንጫውን ያመጣው ያ ዝላይ አይደለም፤ ከእረፍት በኋላ ጎንበስ ብለው የሮጡት ናቸው። ከዚያ ማርክ ፖስተር ጋር የተጋባ ደጋፊ የሆፕኪንስን አራት ጎል ይረሳል፣ እኔ ደግሞ መርሳቱን አልቀበልም።

ሌላው የእኛ ሰው «ያን ቀን ባራሲ በእጅ ማቀበልን ፈጠረ» ይላል። አልፈጠረም! ከእሱ በፊት በ1960ዎቹ ጂሎንግ ውስጥ ፖሊ ፋርመር የሚባል፣ ከምዕራብ አውስትራሊያ የመጣ የኑንጋር ተወላጅ፣ ያን ማቀበል ከጭንቅ ማምለጫነት አውጥቶ ማጥቂያ አድርጎታል። ባራሲ የሚመሰገነው ሌላው የሚፈራውን ነገር በፍጻሜ ጨዋታ፣ በዚያ ሕዝብ ፊት ስላዘዘ ነው። ምስጋናውን ለባለቤቱ ስጡ፤ የሀገሩን ነባር ሕዝብ ልጅ ስም ዘላችሁ ካርልተንን አታግንኑልኝ። ካርልተን በቂ አለው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁለቱም ወገን አልሰማም፦ በቦብ ሮዝ ላይ የሚሰነዘር ፌዝ። የኮሊንግዉድ አሠልጣኝ የነበረው ይህ ሰው ሦስት የፍጻሜ ጨዋታ ተሸንፏል፤ በ1964 በ4 ነጥብ፣ በ1966 በ1 ነጥብ፣ በ1970 በ10 ነጥብ። ሦስቱ ቢደመሩ 15 ነጥብ፣ ሦስት ጎል እንኳ አይሞሉም። በእሱ ላይ የሚስቅ ካርልተናዊ ከእኔ ጋር ቡና አይጠጣም።

«እናንተ ግን ከ1995 ወዲህ ዋንጫ አይታችኋል?» ይህቺን ወዳጄ ለመጨረሻ ያስቀምጣታል። አላየንም። እናንተ በ2023 ወስዳችኋል፣ ደስ ይበላችሁ፣ በ4 ነጥብ ነበር፣ እሷም ዋንጫ ናት። ግን ስለ ጥበቃ የምታስተምሩን እናንተ ናችሁ እንዴ? ከ1958 እስከ 1990 ድረስ 32 ዓመት የጠበቃችሁ፣ በመካከሉ በ1970፣ በ1979ና በ1981 በእኛው እጅ የተመለሳችሁ?

«ማስረጃ ላሳይህ» ብሎ ስልኩን ያወጣል። ማን ስንት ጊዜ አቀበለ፣ ማን ስንት ጊዜ ያዘ፣ ሁሉም በቁጥር ተቀምጧል። ቁጥሩን ለሊጉ የሚቆጥረው ሻምፒዮን ዳታ የሚባለው ድርጅት ነው። መሥራቹ ቴድ ሆፕኪንስ ይባላል።