እግዜር ይክፈላችሁ

ደመወዝ ይጨመርልኝ የሚል የጤና ባለሙያ ነውረኛ ነው። ይህን አፍ አውጥቶ የሚናገር አለቃ ስለጠፋ እኔ ልናገርላቸው። ሙያው ክቡር ነው ተብሏል፤ ክቡር ሰው ደግሞ ስለ ገንዘብ አያወራም። ስለ ገንዘብ ማውራት የተፈቀደው ለደላላ፣ ለነጋዴ፣ ለባጃጅ ሾፌርና ከጎንደር ባሕር ዳር ለወርክሾፕ ለሚወርድ የሥራ ኃላፊ ነው። ኃላፊውም ቢሆን የሚያወራው ስለ አበል እንጂ ስለ ገንዘብ አይደለም።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ምሬት ከምን መጣ? እስቲ የባለ ዲግሪዋን ጀማሪ ሠራተኛ የ2017 ዓ.ም. የደመወዝ ስሌት እንየው። በስኬሉ የተጻፈላት 6,940 ብር ነው። በጊዜው የነበረው የገቢ ግብር ሕግ ከ600 ብር በላይ ያለውን ሁሉ ስለሚነካ 1,170 ብሩ ለመንግሥት ይመለሳል። 7 በመቶው፣ ማለትም 485 ብር ከ80 ሳንቲም፣ ለጡረታ ይቀመጥላታል፤ እስከዚያ በሕይወት ከቆየች። እጇ የሚገባው 5,284 ብር ከ20 ሳንቲም ነው። ሃያ ሳንቲሟን ልብ በሉልኝ! የሠራተኛውን ሳንቲም እንዲህ ተጠንቅቆ የሚያሰላ አሠሪ ጨካኝ ሊባል አይችልም። በርግጥ ይህ ገንዘብ አንድ ኩንታል ጤፍ አይገዛም። ግን ለብቻዋ የምትኖር ልጅ ኩንታል ጤፍ ምን ያደርግላታል?

ጎንደር ላይ ቆሞ ስለዚህ ጉዳይ ማጉረምረም ደግሞ የታሪክ ውለታ ቢስነት ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ የደምቢያን ሜዳ ወባ ሲፈጀው፣ ሀገሪቱ ሐኪም ከውጭ እየለመነች እንደማትዘልቀው ገባት። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒተሪያን አንድ ላይ ሠልጥነው፣ አንድ ላይ ገጠር ወርደው፣ ቆላ ድባን በመሰለ ጣቢያ ከገበሬው ጋር እየዋሉ ነው ሙያውን ያቋቋሙት። የዛሬው ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል የዚያ ልጅ ነው። እነዚያ ሰዎች ወባን ሲያሳድዱ ኖረዋል፤ ልጆቻቸው የቤት ኪራይ እያሳደዳቸው ይኖራሉ። መሮጡ ግን አልቀረም፤ ወጉ ተጠብቋል።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ፤ ሕጉ ሙያውን ምን ያህል እንደሚወድ የሚታየው እዚያ ነውና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሆስፒታልን ከአየር ትራንስፖርት፣ ከመብራት፣ ከውሃና ከቴሌ ጋር ደምሮ በጣም አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ይለዋል፤ በዚህ ምክንያት ሥራ ማቆም ክልክል ነው። አዋጁ የመንግሥት ሠራተኛውን አይገዛም፤ መንፈሱ ግን ይገዛዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ለሠራተኛው፣ የሥራ ጠባዩ ለሚፈቅድለት የመንግሥት ሠራተኛም ጭምር፣ ቅሬታውን ሥራ እስከ ማቆም ድረስ የመግለጽ መብት ሰጥቷል። የሥራ ጠባዩ የሚፈቅድለት ማን ነው ቢባል፣ ቢቀር ማንም የማይፈልገው ነው። ነርሷ ግን ከቀረች ሰው ይሞታል፤ ስለዚህ መቅረት አትችልም። ሰው እንዳይሞት የምታደርግ ሴት ስንት ይከፈላት ሲባል ደግሞ በጀት የለም። ለመታሰር አስፈላጊ ናት፤ ለመከፈል ግን እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ተራዋን ትጠብቅ።

ያው አዋጅ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል የሚል አንቀጽም አለው። የሥራ ማቆም ክልከላው ቦርድ ሳያስፈልገው ሥራ ጀመረ። ቦርዱ 2017 ዓ.ም. እስኪያልቅ አልተቋቋመም፤ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ ኢሠማኮም በየሜይ ዴዩ ሲጠይቅ ከረመ።

ጥያቄው ድንገተኛ ነው እንዳይባል፣ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሺህ የሚበልጡ የጤና ባለሙያዎችን ሰብስበው አነጋግረው ነበር። ከአዳራሹ ሲወጡ የብዙዎቹ ቅሬታ ሲገቡ ከነበረው በልጦ ተገኘ፤ ነጭ ጋዋን ለብሰውም አደባባይ ቆሙ። በዓመቱ ኮሮና መጣና ሁሉም ጀግና ተባሉ። ጀግንነት ወጪ የለውም። ከስብሰባው ስድስት ዓመት በኋላ ያንኑ የደመወዝ ጥያቄ ይዘው ተመለሱ፤ ጊዜ ሰጥተው ጠበቁ፤ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በየሆስፒታሉ ሥራ ማቆም ተጀመረ። ባለሙያዎች በየቦታው ታሰሩ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ሂዩማን ራይትስ ዎችም እስሩን አወገዙ። እኔ በዚህ አልስማማም። ቤት ኪራይ መክፈል ያቃተውን ሰው ያለ ኪራይ ማሳደር፣ ያውም ከነቀለቡ፣ የመጀመሪያው የመኖሪያ ቤት ጥቅማ ጥቅም ተብሎ መመዝገብ አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን የማደንቀው የምስጋና ሥነ ሥርዓቱን ነው። ያልታደማችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ።

ጥሪው ሦስት ሰዓት ይላል። ሌሊቱን ዲውቲ ያደረችው ነርስ ቤቷ ገብታ ትተኛ ዘንድ አይፈቀድም፤ የምትመሰገነው እሷ ናትና። መብራት ሲጠፋ በሞባይሏ መብራት አንዲት እናት አዋልዳ፣ የቧንቧው ውሃ ስለሌለ በጄሪካን እጇን ታጥባ መጥታለች። ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል። ባነሩ ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፍኖታል፤ ግማሹን የክቡር እንግዳው ፎቶ ይዞታል፣ ከሥር «የላቀ አገልግሎት ለሰጡ ባለሙያዎች የተዘጋጀ የዕውቅና መርሐ ግብር» ይላል። ክቡር እንግዳው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ይገባሉ። ይነሳል፣ ይጨበጨባል፣ ይቀመጣል። ንግግሩ እንደ ሻማ ስለ መቅለጥ ነው። የሚቀልጠው ማን እንደሆነ ይነገራል፤ የሻማው ዋጋ አይነሳም። ነርሷ በመሃል ታንቀላፋለች፤ ካሜራው ግን ደግ ነውና ጭብጨባው ሲመጣ ብቻ ነው የሚቀርጻት።

ከዚያ ስም ይጠራል። በፍሬም የገባ ሰርተፍኬት ትቀበላለች። ፎቶ አንሺው «እህቴ ትንሽ ወደ ግራ፣ ክቡርነታቸውን ጋርደሻል» ይላታል፤ ወደ ግራ ትላለች። አንድ ወንድ ነርስ ከኋላ እጁን አውጥቶ ስለ ሦስት ወሩ የዲውቲ ክፍያ ሲጠይቅ፣ መድረክ መሪው ፈገግ ብሎ «ጥያቄው ተገቢ ነው፣ በሂደት ላይ ነው» ይለዋል። በዚህች ሀገር እንደዚያ ሂደት ጤናማ ሆኖ የኖረ ነገር የለም፤ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ሽበት አውጥቶ ዛሬም በሂደት ላይ ነው። በመጨረሻ የታሸገ ውሃና ቆሎ ይታደላል። የዝግጅት ኮሚቴው አበሉን በዚያው ቀን ይፈርማል፤ እሱ ሂደት አያስፈልገውም።

ነርሷ ፍሬሙን ይዛ ቤቷ ትገባለች። አከራይዋ ሴትዮ ግድግዳው ላይ ሲያዩት «ጎሽ የኔ ልጅ! እድገት አገኘሽ መሰለኝ» ይሏታል። በቀጣዩ ወር ኪራዩ ይጨመራል።

አለቆቻችን ሰነፎች ናቸው የሚል ሰው ካለ ይታረም። የሠራተኛውን ተነሳሽነት ለመጨመር ያልሞከሩት የለም፤ ቢፒአርን ሞክረዋል፣ ቢኤስሲን ሞክረዋል፣ ካይዘንን፣ የለውጥ ሠራዊትን፣ አንድ ለአምስትን ሞክረዋል። ያልተሞከረው አንዱ መሣሪያ መክፈል ነው፤ እሱም ከውጭ ተሞክሮ ሳይቀመርለት በችኮላ መግባት የለበትም።

መዋጮውንም እዩት። ስብሰባ ይጠራል፤ «የተቃወመ አለ?» ይባላል፤ ማንም ቀና አይልም፤ ቃለ ጉባኤው «ሠራተኛው በሙሉ ፈቃደኝነት» ብሎ ይጀምራል። ገንዘቡ የሚቆረጠው ከደመወዙ በፊት ነው። ደመወዙ ዘግይቶ ያውቃል፤ መዋጮው ዘግይቶ አያውቅም።

ከከተማው ይልቅ ደጋው ይሻላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው። የደባርቅ ነርስ ደመወዟ ዝቅ ቢልም የምትቀበለው ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው። ጃናሞራና በየዳ ላይ ያለችው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደግሞ የክትባት ሳጥኗን ይዛ ገደል ለገደል ስትሄድ ስለምትውል ለትራንስፖርት አታወጣም። ነፋሱ ነጻ ነው፣ ውርጩም አይከፈልበትም።

ሐኪም ዋጋ አጥቷል የሚባለውም ሐሰት ነው። ጎንደርና ዙሪያዋ ሰው በጠራራ ፀሐይ የሚታገትባት ከሆነች ወዲህ፣ የተማረ ሰው ዋጋ በሚሊዮን ሲጠራ ሰምተናል። ከአሠሪውና ከአጋቹ የተማረን ሰው በውድ የሚገምተው የትኛው እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

አመስጋኝ አይደላችሁም እንዳንባል ይህንንም ልጻፍ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የባለ ዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል፤ ግብር የማይነካውም መጠን ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከ57 ብር የተነሳው ዶላር ግን በዓመቱ 130ን አልፎ ጠብቆናል። ጭማሪው ገና በዜና ሲነገር ቅዳሜ ገበያም ሰምቷል፤ ነጋዴው ከሒሳብ ክፍል ቀድሞ አስተካከለው።

እንግዲህ ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣ አንድ ልመና አለችኝ። ከሚቀጥለው የዕውቅና መርሐ ግብር በፊት የተወዘፈውን የዲውቲ ገንዘብ ክፈሉ። ባነሩ፣ ፍሬሙና ቆሎው አያሳስባችሁ፤ ሠራተኛው ራሱ አዋጥቶ ያዘጋጃል። ማዋጣት ለምዷል።