እናቴን ከማድቤት ያስወጣሁበት ቀን

ሾላ ገበያ የሄድነው ቤት ውስጥ ቅቤ ጠፍቶ አልነበረም። እናቴን ከማድቤት ማስወጣት ስለነበረብኝ ነው።

የሚካኤል ማኅበር ተራው እኛ ቤት ደርሶ፣ በማግስቱ፣ በወሩ 12፣ ማኅበርተኛው ይመጣል። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ «እንጀራውን እኔ ልጋግር» ስትል ከርማለች። እናቴ እሺ ማለቱን ትላለች። ግን ከልጅቷ ጀርባ ትቆማለች። ልጅቷ ሊጡን ቀድታ ከምጣዱ ዳር ማዞር ስትጀምር «ቀስ በይ»፣ ወደ መሃል ስትጠጋ «ቀዳዳ ተውሽ እኮ»፣ አክንባሎውን ልታነሳ ስትል «ገና ነው!»። ጥቂት እንጀራ ሳይወጣ መቅጃው እናቴ እጅ ይገባል፤ ልጅቷ ሰፌድ ይዛ ትቀራለች። እንጀራው ያምራል፤ ልጅቷ ግን እንደመጣች ትወጣለች።

እናቴን አልፈርድባትም። ጤፍ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ሊጥ ሲበላሽ ቆሞ ማየት ይከብዳል። ከዚያም በላይ የልጅ ልጇ በማኅበርተኛ ፊት እንዳታፍር ትሳሳላታለች። እኔ ግን አጥብቄ የማምንበት ነገር አለኝ፤ እንጀራ የተበላሸበትን ምክንያት ራሱ ያሳያል። ምጣዱ ሳይግል ከተጋገረ ዓይን አያወጣም፣ ድፍን ሆኖ ይለጠፋል። እሳቱ ከበዛ መሃሉ ሳይበስል ሥሩ ያርራል። ክዳኑ ከዘገየ ዳሩ ይደርቃል። ይህን ሁሉ በጆሮ የሰማ ሰው ይረሳዋል፤ የተለጠፈ እንጀራ ከምጣድ በጣቱ የፋቀ ግን አይረሳውም። የምጣድ ማሟሻ ተበላሸ ብሎ ጋጋሪዋን የሚቆጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ታዲያ ለጀማሪ ማሟሻው ትንሽ ቢበዛላት ምን አለበት?

በእርግጥ ሁሉም ነገር በስህተት አይለመድም። የምጣዱ ገመድ ሶኬቱ ጋ ትንሽ ተልጦ ስለነበር ከቀናት በፊት አስቀይሬዋለሁ። ጠዋት ልጅቷ አብሲቱን ስትጥል ውሃው እስኪፈላና ድስቱ እስኪወርድ ድረስ ከአጠገቧ አልራቅኩም። የፈላ ውሃና ኤሌክትሪክ ለማንም ሁለተኛ ዕድል አይሰጡም። ሊጥ ግን ቢበላሽ ሊጥ ነው። ስለዚህ «ለማኅበሩ ጥሩ የሸኖ ቅቤ እንፈልግ» ብዬ እናቴን ይዤ ወጣሁ።

ሾላ እንደደረስን ዝናቡ ወረደ። ቅቤ ተራ ሸራ ሥር ተጠልለን፣ ውሃው በእግራችን መሃል እየሄደ፣ እናቴ ስልኳን ከእጇ አታወርድም። «ሊጡ ኩፍ ብሎ ይሆን? ምጣዱን አሰሰችው ይሆን?» ትላለች። ወሬ ለማስቀየር ስለ አባቷ ጠየቅኳት። አያቴ ጎጃም፣ ዋሸራ፣ ቅኔ የተማሩ ሰው ነበሩ። እናቴ ይህን ስታወራ ፊቷ ይፈታል። ተማሪው ብቻውን ጫካ ገብቶ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። በኋላ መምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል። ከተሳሳተ ይታረማል፤ በማግስቱም ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። እንዲህ እያለ 2 ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነስቶ 8 ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል።

«መምህሩ ለምን እዚያው ቆጥረውለት አይገላገሉም?» አልኳት።

«ታዲያ እሱ ምኑን ተማረው?» አለች፣ ተገርማ።

ዝም ብዬ አየኋት። እሷም አየችኝ። ወዲያው ስልኳን አንስታ ደወለች።

መብራት ሄዷል! እናቴ ስልኩን ይዛ «ወይኔ ሚካኤል!» ስትል ተቀበልኳት። «ምን አሰብሽ?» አልኩ ልጅቷን። ጎረቤታችን በእንጨት እንደሚጋግሩ ነገረችኝ፤ ሊጡን ወደዚያ ልትወስድ አስባለች። «እንደመሰለሽ አድርጊ» አልኳት። እናቴ ከዚያ በኋላ ቅቤ ማሽተቱንም ተወችው። መገናኛ የታክሲ ሰልፉ አይነቃነቅ፣ ዝናቡ አያባራ፣ እሷ ደግሞ የእንጨት እሳት ለልጅ እንደማይሰጥ ትነግረኛለች። እውነት ለመናገር እኔም ሰግቻለሁ። የቀሚሷ ዳር እሳት ውስጥ ቢገባስ? ጎረቤታችንን ደውዬ ከምድጃው እንዳይርቁ ለመንኳቸው። «ልጄ፣ ቡናዬን አቅርቤ እያየኋት ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ ልቤ አረፈ።

ቤት ስንደርስ ልጅቷ ፀጉሯ አመድ መስሏል። የተበላሹትን አልደበቀችም፤ ለብቻ ደርድራቸዋለች። ከላይ ያለው እንጀራ ግማሽ ዳሩ አርሯል፣ ሌላው ግማሽ ድፍን ነው። «እሳቱ በአንድ ወገን በርትቶ ነው» አለች። «ጭራሮውን ወደ ዳር ስበትነው ተስተካከለልኝ። ዓይኑ ግን እስከ መጨረሻው እንደ እማምዬ አልሆነም። አብሲቱ ነው መሰለኝ»።

እናቴ ከደህናዎቹ አንዱን አነሳች። ገለበጠች፣ ሥሩን አየች፣ ዳሩን ቆርሳ ቀመሰች። ተቆጥታ የምትናገር መስሎኝ ነበር።

«አብሲቱን ከጨመርሽ በኋላ ስንት ሰዓት አቆየሽው?» አለች።

እናቴ ልጅቷን በእንጀራ ነገር ስትጠይቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ልጅቷ መለሰችላት፤ እሷም ስለ ብርድ ቀን ሊጥ ነገረቻት፤ ልጅቷ ደግሞ ሌላ ጠየቀች። ያንን ሁሉ ሊጥ ያበላሸ ሰው ብቻ የሚጠይቀው ጥያቄ ነበር። እኔ ቅቤውን የማስቀምጥበት እስኪጠፋኝ ሁለቱም ረሱኝ።

እንጀራው ለማኅበርተኛው አልበቃም። ከሱቅ ገዝተን ሞላን፤ እናቴ በዚህ ትንሽ ቅር ብሏታል። የተበላሹትን ለድርቆሽ አሰጣናቸው።

ማኅበርተኛው ከተሸኘ በኋላ ልጅቷ እናቴ አጠገብ ቁጭ አለች። «ለሚቀጥለው ከቡኮው ጀምሮ እኔ ልያዘው» አለች። «እማምዬ፣ አንቺም አጠገቤ ትሆኛለሽ። ስጠይቅሽ ግን ነው የምትናገሪው»።

«እስክትጠይቂኝስ?» አለች እናቴ።

«ቡና ትጠጫለሽ»።

እናቴ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያ ቡናውን ደህና አድርጋችሁ አፍሉልኝ» አለች።