ደብዳቤው በማን እጅ ተጻፈ?

ለልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ የራሱ የሆነ የእጅ ጽሑፍ መፍጠር ከድርሰት ሙያ ውስጥ ብዙ ሰው ያልነካው ዘርፍ ነው። ደራሲ ለሰውየው ቁመት ይሰጠዋል፤ አፍንጫ፣ አረማመድ፣ ክርኑ ላይ የሳሳ ኮት፣ ቡና ፉት ሲል የሚያሰማው ድምፅ ሳይቀር ይሰጠዋል። ደብዳቤ ሊያጽፈው ሲያስቀምጠው ግን «በሚያምር የእጅ ጽሑፍ» ብሎ ያልፋል። በዚህ አያያዝ ሽፍታውም፣ ባላባቱም፣ ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጠው ሊስትሮም እጀ ቆንጆ ሆነው ይቀራሉ። በቴሌቪዥን ድራማ ጉዳቱ በዓይን ይታያል። የአገር ቤት እናት የላከችው ደብዳቤ፣ ደላላው የጻፈው ማስፈራሪያ፣ ሙሽራይቱ ትራስ ላይ ትታው የጠፋችው ወረቀት በየክፍሉ ካሜራ ፊት ይዘረጋሉ። የሦስቱም «ለ» እግሩን የሚከፍተው እኩል ነው፤ የሦስቱም አራት ነጥብ ወደ ቀኝ ያመለጠ ነው፤ ቀለማቸውም ያው ሰማያዊ ቢክ ነው። አስፈራሪውን ፍለጋ ስምንት ክፍል ሙሉ የሚንከራተተው መርማሪ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጎ ቢያያቸው ኖሮ ሙሽራይቱን ያስራት ነበር።

ሩሲያውያን ነገሩን በጊዜ ይዘውታል። ጎጎል እ.ኤ.አ. በ1842 ባሳተመው «ካፖርቱ» ውስጥ አካኪ አካኪየቪች የሚባል የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ አለ፤ ሥራው የሌላውን ጽሑፍ አሳምሮ መገልበጥ ነው። የሚወዳቸው ፊደላት አሉት። እነርሱ ጋ ሲደርስ ፈገግ ይላል፣ ዓይኑን ይጠቅሳል፣ በከንፈሩ ጭምር ያግዛቸዋል፤ ፊቱን የተመለከተ ሰው የትኛውን ፊደል እየጻፈ እንደሆነ ያውቃል። አንድ ደግ አለቃ ከፍ ያለ ሥራ ሊያለማምደው ፈልጎ ርእሱን እንዲለውጥና አንዳንዱን ግስ ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ መደብ እንዲያዛውር ቢያዝዘው፣ ላብ አጠመቀውና መገልበጥ ብቻ እንዲሰጡት ለመነ። የዶስቶየቭስኪ ልዑል ሚሽኪን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1868 ጀምሮ በታተመው «ኢዲዮት» ውስጥ ከአንድ ጄኔራል ቤት ገብቶ፣ በጥንት አበምኔት እጅ አንድ መስመር ይጽፋል። ጄኔራሉ ተደንቆ ወዲያው በወር 35 ሩብል ደመወዝ ያስብለታል። ሚሽኪን የሁሉንም እጅ መጻፍ ይችላል፤ የሰው ነፍስ ሁሉ ውስጥ ሰተት ብሎ ለሚገባ ሰው ከዚህ የተሻለ ጠባይ አይገኝለትም።

በእንግሊዝኛው በኩል የስቲቨንሰን ዶክተር ጄኪል አለ። መጽሐፉ በ1886 እ.ኤ.አ. ወጣ። ጄኪል ወደ ሃይድ ሲለወጥ መልኩ፣ ቁመቱ፣ ሕሊናው ሁሉ ይለወጣል፤ እጁ ግን ያው ነው። ስለዚህ ለሃይድ ፊርማ ሲፈልግለት የራሱን ጽሑፍ ወደ ኋላ አዘነበለውና ሰጠው። አንድ የጽሕፈት ነገር የሚያውቅ ጸሐፊ ሁለቱን ወረቀት አስተያይቶ በብዙ ቦታ አንድ ናቸው፣ የሚለያዩት በማዝመም ብቻ ነው ይላል። ክፋትና ደግነትን የለየው አንድ ማዝመም ነው።

ስለ ማዝመም ከተነሣ፣ የአማርኛ መጻሕፍት አታሚዎች ለገጸ ባሕርያት ደብዳቤ ያገኙት መፍትሔ ይህንኑ ነው። ልብ ወለዱ ቀጥ ባለ ፊደል ሲሄድ ይቆይና ደብዳቤ ሲመጣ ፊደሉ በአንድነት ወደ ቀኝ ይዘማል። ይህ ልማድ ከላቲኑ የመጣ ነው፤ እዚያ ግን ምክንያት አለው። በቬኒስ አሳታሚው አልዱስ ማኑቲየስ በ1501 እ.ኤ.አ. የቨርጂልን ግጥሞች ሲያትም የተጠቀመበትን ያዘመመ ፊደል የቀረጸለት ፍራንቼስኮ ግሪፎ የተባለ ባለሙያ ነው፤ አርአያውም በዘመኑ የነበሩ የተማሩ ጣሊያናውያን በእጃቸው የሚጽፉበት ቅርጽ ነበር። ያዘመመው የላቲን ፊደል እንግዲህ በመነሻው የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ቀጥ ያለው ፊደል ገፍተውት የተጋደመ አይደለም። የግእዝ ፊደል እንዲህ ያለ ታሪክ የለውም። ቁም ጸሐፊ ብራናውን በወስፌ አስምሮ፣ መቃ ብዕሩን ቀርጾ፣ ጥላሸት ካለበት ጥቁር ቀለም እያጠቀሰ፣ የቅዱሳኑን ስም በቀይ እየለየ ሲጽፍ ፊደሉን የሚያቆመው ቀጥ አድርጎ ነው፤ ስሙም ቁም ጽሕፈት ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ጉልሕ የተባለው ወፍራም አጣጣል፣ በ18ኛው ደግሞ ረቂቅ የተባለው ቀጭኑ መጣ፤ ሁለቱም ቆመው ነው የመጡት። ኮምፒውተር ግን ይህን አያውቅም። ቁልፉን ሲጫኑት የቆመውን «ሐ» ትከሻውን ይዞ ይገፋዋል፣ «ጨ» ሦስት እግሩን አጣጥፎ ሊወድቅ ይደርሳል፣ «ፐ» ነፋስ እንደመታው የስልክ እንጨት ይጋደማል። በዚህ ዓይነት አፍቃሪው፣ አበዳሪውና እስር ቤት ያለው ወንድም ሁሉም እኩል ይዘማሉ። ጄኪልና ሃይድ በማዝመም ተለያዩ፤ የአማርኛ ገጸ ባሕርያት በማዝመም አንድ ሆኑ።

ፊደሉ ግን ለጠባይ መግለጫ ያነሰ ሆኖ አይደለም። የላቲን እጅ ጽሑፍ እየተያያዘ ስለሚሄድ ጠባዩን በማያያዣው ያሳያል፤ የግእዝ ፊደል እያንዳንዱ ለብቻው ስለሚቆም የጠባይ ምልክቱ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። የካዕብ ቅጥያ ከፊደሉ ወገብ፣ የሣልስ ከእግሩ ሥር ይወጣል፤ የቸኮለ ሰው ቅጥያውን መሐል ላይ አንጠልጥሎት ያልፋል፤ «ቡ» ይሁን «ቢ» አንባቢ ይፍረድ። «ሰ»ን ከ«ሸ»፣ «ተ»ን ከ«ቸ»፣ «ደ»ን ከ«ጀ» የሚለየው አናት ላይ የምትቀመጥ አንዲት ሰረዝ ናት። ቸልተኛ ሰው ይዘልላታል። «አባትህ በሬውን ለአጎትህ ሰጠ» የሚል ደብዳቤ ከተማ ደርሶ፣ ወንድማማቾቹ ዓመታት ከተካሰሱ በኋላ የታሰበው «ሸጠ» እንደነበር ቢታወቅ፣ ልብ ወለዱ ሌላ ክፉ ሰው አያስፈልገውም። በየቃሉ መሐል ሁለት ነጥብ የሚያስቀምጥ ሰው ዕድሜው ወይም የተማረበት ቤት ይታወቅበታል። «ፀሐይ»ንና «ጸሎት»ን በየራሳቸው «ፀ»ና «ጸ» ለይቶ የሚጽፍ የቤተ ክህነት ልጅ ነው፤ ወይም እንዲመስል የሚፈልግ ነው። ይህ ሁለተኛው ለደራሲ ይበልጥ ይጠቅማል።

በሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌልን የሚያስተምራት በዛብህ ነው። ከእርሱ የተማረች ልጅ ፊደሏ የእርሱን ፊደል መምሰሉ አይቀርም፤ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ከንግግሯ ያላወቁትን ከደብተሯ ሊያውቁት ይችሉ ነበር። ፊታውራሪ ግን ደብተር የሚያገላብጡ ሰው አልነበሩም።

የእጅ ጽሑፍ ጠባይን ይገልጣል የሚለው እምነት የልብ ወለድ ብቻ አይደለም። ጣሊያናዊው ካሚሎ ባልዲ በ1622 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ መጽሐፍ አሳትሟል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ሚሾን የተባለ ፈረንሳዊ ቄስ ትምህርቱን ግራፎሎጂ የሚል ስም አወጣለት። በኋላ የተደረጉ ፈተናዎች ግን ጽሑፍን አይቶ የሰውን ጠባይ መናገር እንደማይቻል አሳይተዋል። ለደራሲ ይህ መልካም ዜና ነው፤ እውነት ስላልሆነ እንደልቡ ሊጠቀምበት ይችላል።

ዋናው ችግር ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ማንበብና መጻፍ የተለያዩ ሙያዎች ነበሩ። የቆሎ ተማሪው ዳዊት ይደግማል፣ ዜማ ይማራል፣ ቅኔ ይቆጥራል፤ ቁም ጽሕፈት ግን ራሱን የቻለ የእጅ ሥራ ነበር። መኳንንት ደብዳቤያቸውን በጸሐፊ ያጽፉና ማኅተማቸውን ያሳርፉበታል፤ የሰውየው ምልክት ማኅተሙ ነው። ደጃዝማቹ ሻማ አብርተው፣ ላባ ብዕር ይዘው፣ ሌሊት የራሳቸውን ደብዳቤ ሲጽፉ የሚያሳይ ታሪካዊ ፊልም እንግዲህ ሁለት ነገር ይስታል፤ ላባው የመጣው ከአውሮፓ ፊልም ነው፣ ደጃዝማቹም ጸሐፊያቸውን አላሳደሩም።

ከገጠር የሚላክ የእናት ደብዳቤም እንዲሁ ነው። እናት ፊደል አልቆጠሩም። ከጎረቤት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ያስጠራሉ፤ ልጁ ከደብተሩ መሐል ሽቦው ላይ ያለውን ጥንድ ቅጠል ይገነጥላል፤ እርሳቸው ይናገራሉ፣ እርሱ ይጽፋል። ሰላምታው የተማሪ ቤት ሰላምታ ነው፤ «ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» የሚለውን እናት ሳይናገሩት ልጁ ከልማድ ጽፎታል። መሐል ላይ ላሟ ወለደች፣ አክስትህ ታማለች፣ ገንዘቡ ደርሶኛል የሚለው የእናት ነው። ገጹ ሲያልቅ ፊደሉ እየጠበበ ጠርዝ ጠርዙን ይወጣል፤ እናት ጨርሳለሁ ብለው እንደገና ስላስታወሱ ነው። በመጨረሻ ልጁ በገዛ ፈቃዱ ከግርጌ የራሱን ሰላምታ ይጨምራል፣ ካልሲ እንዲላክለትም ይጠይቃል። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ገጸ ባሕርያት ተቀምጠዋል።

እንግዲህ ይህን ያህል ሀብት እያለ፣ አንዳንድ ኮሜዲ የእናትን ደብዳቤ የሚያነብበው ለማሳቅ ነው። ፊደሉ ይጣመማል፣ ቃሉ ይሳሳታል፣ የከተማው ልጅ ጓደኞቹን ሰብስቦ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ተመልካች ይንከተከታል። በማን ነው የሚሳቀው? እናት አልጻፉትም። የተሳሳተው ተማሪው ነው፤ እርሱንም ሰማንያ ተማሪ በተጨናነቀበት ክፍል ያለ መጽሐፍ ያስተማረው ሌላ ነው። የእናት ድርሻ ቃሉ ነው፤ ቃሉም አንዲት ስሕተት የለበትም። ያልጻፈችው ሴት በጽሑፍ ስሕተት ሲሳቅባት፣ ይህ ቀልድ ሳይሆን ስንፍና ነው፤ ደራሲው ብዕሩን ማን እንደያዘው ለማሰብ እንኳ አልደከመም። ካልሲውንም አላየም።

ሸርሎክ ሆልምስ ቢሆን ያየው ነበር። ኮናን ዶይል በ1893 እ.ኤ.አ. ባወጣው የራይጌት ታሪክ ውስጥ አንዲት የተቀደደች ወረቀት አለች። ሆልምስ አይቷት ሁለት ሰዎች አንዱን ቃል አንዱ፣ ቀጣዩን ሌላው እየተቀባበሉ የጻፏት መሆኑን ይናገራል፤ ጠንካራው እጅ አስቀድሞ የራሱን ቃላት ጽፎ ለሌላው ክፍት ቦታ ትቷል፤ ሁለተኛው በተተወለት ቦታ ሲጨናነቅ ይታያል። አንደኛው ወጣት፣ ሌላው ሽማግሌ ነው፤ ሁለቱም ዘመዳሞች ናቸው። አባትና ልጅ ሆነው ተገኙ። ሆልምስ ከዚያችው ቁራጭ ሌሎች 23 ነገሮችን እንደተረዳ ይናገርና ሳይዘረዝራቸው ያልፋል፤ ይህ በደራሲነት በኩል ብልህ ውሳኔ ነው።

ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። ሚስት የፍቺ ማመልከቻ ታስጽፋለች፤ በማግስቱ ባል መልሱን ሊያስጽፍ እዚያው ጃንጥላ ሥር ይቀመጣል። ሁለቱም ወረቀት በአንድ እጅ፣ በአንድ «ክቡር ፍርድ ቤቱ»፣ በአንድ ዓይነት ጠንካራ ስድብ ዳኛው ፊት ይደርሳል። እንዲህ ያለው ትዕይንት በልብ ወለድ ቢገባ አንባቢ ይህ አይሆንም ይላል።

አሁን ደግሞ ደብዳቤው ራሱ እየቀረ ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ የምትሠራ ልጅ ለእናቷ በኢሞ ድምፅ ትልካለች፤ እናትም በድምፅ ይመልሳሉ፤ ተማሪው ካልሲውን በራሱ ስልክ ይጠይቃል። በእጅ የሚጻፍ ነገር የቀረው በእድር መዝገብ፣ በዕቁብ ደብተርና በሠርግ ካርድ ፖስታ ላይ ነው። የእድር መዝገብ ለደራሲ መልካም ነው፤ ጸሐፊው ሲለወጥ እጁ ይለወጣል፣ ያልከፈሉ ሰዎች ስም ግን በማንኛውም እጅ ያው ነው።

ፊርማ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቀሪውን በሙሉ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሲፈርም በላቲን ይሆናል፤ ወይም የማንም ፊደል ያልሆነ ጥምዝምዝ ይሆናል። ገጸ ባሕርይ በየትኛው ይፈርም የሚለው ገና አልተወሰነም። በፊደል ከፈረመ ቀላል ሰው፣ በላቲን ከፈረመ ተማሪ ቤት ፊርማውን ሲለማመድ የከረመ ሰው ይመስላል፤ ጥምዝምዙ ደግሞ ሹመት ይሸታል። አስቸጋሪው ሰውየው ባንክ ቤት ሲሄድ ነው። የፊርማ ናሙናውን የሰጠው በወጣትነቱ ነው፤ እጁ ከዚያ ወዲህ ሰንፏል። ገንዘብ ከፋዩዋ ወረቀቱን ከስክሪኑ ጋር ታስተያየዋለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እንደገና እንዲፈርም ትጠይቀዋለች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። ከኋላ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ይጀምራል፤ ሰውየውም መታወቂያውን ፍለጋ ኪሱን ይዳብስ ገብቷል።