«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጌታዬ!»

ቤኒሻንጉል ወርቅ አለው። ይህን ለማወቅ የሚኒስቴር መግለጫ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የበርታ ሴቶች ወንዝ ወርደው አሸዋ ሲያጥቡ ማየት ይበቃል። አሁንማ ኩርሙክ ላይ የውጭ ኩባንያ ሳይቀር ለዚሁ ወርቅ ብሎ ማሽኑን ተክሏል። ታዲያ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንድ ሙሉ ጦር፣ መድፍ እየጎተተና ፈረንሳዊ የማዕድን አዋቂ አስከትሎ፣ በዚሁ ምድር ላይ ቆሞ ወርቁን አጣው።

ጦሩን ያዘመተው የግብጹ ገዥ መሐመድ አሊ ነው፤ የመራው ደግሞ ልጁ ኢስማኢል ፓሻ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ጎረምሳ። ዘመኑ 1814 ዓ.ም. ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።) አባት ለልጁ የሰጠው ትእዛዝ አጭር ነው፦ ባሪያ አምጣ፣ ወርቅ አምጣ። ኢስማኢል ስናርን ያዘ፣ ፋዙግሊን አለፈ፣ ወደ በርታ ምድር ዘለቀ። ባሪያውን በጠመንጃ አፈሙዝ ሰበሰበ። ወርቅ ግን እንደ ሰው እየሮጠ አይያዝም፤ ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ግድ ነው። የሚጠየቁት ደግሞ ዘመዶቻቸው በገመድ ታስረው ሲነዱ ቆመው ያዩ ሰዎች ናቸው።

ውጤቱ ታሪክ ላይ ሰፍሯል፦ ፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ካዮ መሬቱን መረመረ፣ ወታደሮቹ ቆፈሩ፣ የተገኘው ግን ለድካማቸው እንኳ የማይበቃ ቅንጣት ነበር። አባትዬው አላመነም። በ1831 ዓ.ም. ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ወርቁን በዓይኔ ካላየሁ ብሎ ከካይሮ እስከ ፋዙግሊ ድረስ ራሱ መጣ። እሱም ባዶ እጁን ተመለሰ።

ሊቃውንቱ ምክንያቱን ከአፈሩና ከቁፋሮው ዘዴ ጋር ያያይዙታል። የዚህ ወግ ጸሐፊ ግን አንድ ጥርጣሬ አለው። በተርጓሚ የተጠየቁት ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ወርቅ? እሱ ደግሞ ምን ዓይነት ነገር ነው? ምናልባት ከዚያ ማዶ ካለው ተራራ ኋላ ይኖር ይሆናል፤ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጌታዬ!» ብለው ጦሩን በሐሩር የሦስት ቀን መንገድ እንዳላስኬዱት ምን ዋስትና አለ? ይህ ግምት ነው። የሚቀጥለው ግን ግምት አይደለም።

ኢስማኢል ከዚህ ዘመቻ ሲመለስ፣ በ1815 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ናይል ዳር ሸንዲ ከተማ አረፈ። የጃዓሊን ነገድ ገዥ የነበረውን መክ ኒምርን አስጠርቶ በአጭር ቀን ሊከፈል የማይችል ግብር ጠየቀው፤ ባሪያ፣ ገንዘብ፣ ከብት። ኒምር «ይህ እንዴት ይሆናል?» ቢል ፓሻው በረጅሙ የማጨሻ ፒፓ ፊቱን መታው ይባላል። ኒምር ሰይፍ አልመዘዘም። ጎንበስ አለ። አጥፍቻለሁ አለ። እንደ ደነገጠ፣ ነገሩ እንደ ተምታታበት፣ ጌታውን ለማስደሰት እንደሚራወጥ ገጠሬ ሆነ። ግብዣ አዘጋጀ፤ መጠጥ ቀረበ። ለፓሻው እንስሳት መኖ ነው እያለ ጭድና አገዳ በቤቱ ዙሪያ አስከመረ። ፓሻውም በገጠሬው ትጋት ሳይደሰት አልቀረም። ሌሊት መኖው ተለኮሰ። ኢስማኢል ከነአጃቢዎቹ እዚያው ቀረ።

ኒምር ብልጥ ነበርና አልቆየም፤ ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ ሸሽቶ ማይ ጉባ ላይ ከተመ። (ማንኩሽ ከተማ የምትገኝበት የቤኒሻንጉል ወረዳ ከሆነው ጉባ ጋር እንዳይምታታ፤ ይህኛው ወደ ሰሜን ነው።) እንግሊዛዊው አዳኝ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. አካባቢ ሲያልፍ፣ የአባቱን ስም ይዞ የሚገዛውን ልጁን በዚያው አካባቢ አግኝቶታል። ሸንዲ የቀሩት ግን ዕዳውን ከፈሉ፤ የመሐመድ አሊ አማች ደፍተርዳሩ (የግምጃ ቤት ሹሙ) ባወረደው በቀል ሺዎች አለቁ። ሞኝ መምሰል ለባለቤቱ ቢያዋጣም ለጎረቤት የሚያስከፍለው አንዳንዴ ከባድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ኒምር ይህን ድራማ ብቻውን አልሠራውም። ግማሹን ፓሻው ራሱ ደርሶለታል። ጥቁር ገጠሬ ፈርቶ ከመስገድ በቀር ሌላ ሐሳብ በጭንቅላቱ ሊኖር አይችልም ብሎ አስቀድሞ ባያምን ኖሮ፣ በቤቱ ዙሪያ ይሄ ሁሉ ጭድ ለምን እንደሚከመር ይጠይቅ ነበር።

አሜሪካዊው ምሁር ጄምስ ስኮት፣ ደካሞች ጉልበተኞችን በምን ዘዴ እንደሚቋቋሙ በጻፈው ዝነኛ መጽሐፍ መግቢያ ላይ «የኢትዮጵያ ተረት» ብሎ ያስቀመጠው ነገር አለ። ትልቁ ጌታ ሲያልፍ ብልህ ገበሬ አጎንብሶ እጅ ይነሣል፤ በዚያው አጎንብሶ ሳለም፣ ጨዋ መጽሔት ላይ በቀጥታ የማይጻፈውን ነገር ድምፅ ሳያሰማ ይለቃል። ተረቱ በዓለም ዙሪያ በሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሳል። አገራችን ለማኅበራዊ ሳይንስ ካበረከተቻቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚህ በሰፊው የተሰራጨ ስለመኖሩ ጸሐፊው ይጠራጠራል።

ዘዴው የማይሠራበት ጊዜም አለ፤ ምሳሌውም ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ይገኛል። ከስዊዘርላንዱ የቅድስት ክሪሾና ትምህርት ቤት የመጡት ዋልድማየርና ጓደኞቹ በእጅ ሥራ ራሳቸውን እየደጎሙ ወንጌል ሊሰብኩ ያሰቡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከወንጌሉ ይልቅ መዶሻቸውን ወደዱት። መጀመሪያ መንገድ አሠሯቸው፤ ቀጥለው መድፍ አሉ። ሰዎቹ አናውቅም አሉ። የሚያስቀው፣ ይህ መልሳቸው ተንኮል አልነበረበትም፤ በእርግጥም አያውቁም! አናጢና አንጥረኛ ሰው መድፍ ማፍሰስ ከየት ይማራል? ንጉሡ ግን አውሮፓዊ ሆኖ መድፍ የማያውቅ ፍጡር አለ ብለው ሊያምኑ አልቻሉም። ሞኝ መስላችሁ ልታመልጡኝ ነው ብለው አገልጋዮቻቸውን በሰንሰለት አሰሩባቸው፤ እንሞክራለን እስኪሉ ድረስ።

ሞከሩ። አልተሳካም። ደግመው ሞከሩ፤ ሆነ። በመጨረሻም ወደ ሰባት ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከምድጃ ወጣ። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ፣ ተራራ እየተቆፈረ፣ ገደል እየተሞላ፣ በብዙ መቶ ሰው ትከሻ ግማሽ ዓመት ያህል ተጎተተ። ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ፓሻው ኒምርን ስለናቀው ውሸቱን አመነ፤ ቴዎድሮስ ፈረንጆቹን ከመጠን በላይ ስላከበሯቸው እውነታቸውን አላመኑም። ምርኮኛ ሞኝነቱ የሚገዛለት አሳሪው ሲንቀው ብቻ ነው፤ ከተከበረ አለቀለት፣ መድፉን ይሠራታል።

ከጋፋት ሰዎች አንዱ ፖላንዳዊው ሞሪትስ ሆል ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ መቅደላ በወደቀችበት ሰሞን፣ ሚስቱ እዚያው አካባቢ ሴት ልጅ ወለደች፤ ማግዳሌና ተባለች። የማግዳሌና የልጅ ልጅ ታዋቂው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ኡስቲኖቭ የመጀመሪያውን ኦስካር ያገኘው «ስፓርታከስ» በተባለው ፊልም የባሪያ ነጋዴ ሆኖ በመተወኑ ነው። ከመቅደላ እስር የወጣ ቤተሰብ አሳሪ መስሎ ተሸለመ። ይህ ለወጋችን አስፈላጊ አይደለም፤ ግን እንዴት ይታለፋል?

ጣሊያን በገባ ጊዜ ነገሩ ከሁለቱም ከፋ። የፋሺስት ሹማምንት ሕዝቡን ይንቃሉ፤ የሚንቁትን ያው ሕዝብ ደግሞ ይፈራሉ። በእንደራሴው በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገበት ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የተማረ ወጣት እየታደነ ተገደለ፤ ከሞት የተረፈ ፈረንሳይኛውን ዋጥ፣ ካባውን ጠቅለል አድርጎ «ጌታዬ፣ እኔ ተራ ገበሬ ነኝ» ማለት ነበረበት። ተራ ሰው መሆንም ዋስትና አልነበረም። ግራዚያኒ በመጋቢት 1929 ዓ.ም. ለቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ለሌሶና በላከው ቴሌግራም፣ ጸጥታን ከሚያውኩት ዋነኞቹ ዘዋሪ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና መተተኞች መሆናቸውን አስታውቆ፣ ተይዘው እንዲገደሉ ማዘዙንና እስከዚያ ዕለት 70 ያህሉ መወገዳቸውን ሪፖርት አደረገ። ማሲንቆ ይዞ በየመጠጥ ቤቱ የሚቀልድን ሰው መድፍ እንደታጠቀ አድርጎ መፍራት! ለነገሩ አዝማሪ ምን እንደሚሠራ ከብዙዎቻችን በፊት የገባው እሱ ነው ማለት ይቻላል።

የዚህ ጥበብ ዘመናዊ ሊቅ ግን የተገኘው ከአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ገጠር ነው። ዳግላስ ሄግዳል የሃያ ዓመት መርከበኛ ሳለ፣ በመጋቢት 1959 ዓ.ም. ሌሊት ላይ ካንቤራ ከተባለችው የጦር መርከብ ቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ወደቀ። ቬትናማውያን ዓሣ አጥማጆች አውጥተው አስረከቡት። መርማሪዎቹ ስለ ተልእኮው ጠየቁት፤ «ከመርከብ ላይ ወድቄ ነው» አለ። ይህን የሚያምን መርማሪ በዓለም ላይ አልተፈጠረም፤ ሰላይ ነው አሉ። ልጁ ነገሩን ተረዳና የባሰ ጅል ሆነላቸው። አገርህን የሚያወግዝ ጽሑፍ ጻፍ ሲሉት ማንበብና መጻፍ አልችልም አለ። የድሃ ገበሬ ልጅ ስለመሰላቸው አመኑት፤ እንደ እነሱ ትምህርት ካፒታሊዝም ገበሬውን ማይም ማድረጉ የታወቀ ነው። ፊደል የሚያስቆጥረው ሰው መደቡለት። አስተማሪው ደከመ፣ ተስፋ ቆረጠ። ጠባቂዎቹ «ለማመን የሚያስቸግረው ጅል» የሚል ስም አወጡለት።

ጅል ሰው መጥረጊያ ይሰጠዋል፤ ግቢውን እየጠረገ ይዞራል፤ ማንም ልብ አይለውም። ሄግዳል በዚህ ነፃነቱ አምስት የጭነት መኪኖች ነዳጅ ቋት ውስጥ አፈር ጨመረ። ከዚያ በላይ ደግሞ የ256 እስረኞችን ስም ሸመደደ፤ የአሜሪካ ሕፃናት ስለ አንድ ሽማግሌ ገበሬና ስለ እንስሶቹ በሚዘፍኑት ዜማ አስገብቶ። በዜማ መያዝ ለቆሎ ተማሪም ለቁርአን ደረሳም አዲስ ነገር አይደለም፤ ሃኖይ እስር ቤት ግን ዘፋኙን ጅል ማንም አልጠረጠረውም። እስረኞቹ ሁሉም አብረን ካልተፈታን አንፈታም የሚል ቃል ነበራቸው፤ እሱን ግን አለቆቹ ውጣ ብለው አዘዙት። በሐምሌ 1961 ዓ.ም. ተፈታ፤ ስሞቹንም አንድ በአንድ አስረከበ። ኋላም ወታደሮች ሲማረኩ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚያስተምር መምህር ሆነ። ምናልባት ለጅልነት ሙያ ደሞዝ የተከፈለው ብቸኛ ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም። (ከቢሮክራሲያችን በስተቀር።)

የጉባዋ ማንኩሽም ከዚህ ጨዋታ ነፃ አይደለችም። ዛሬ በዓለም ካርታ ላይ የምትፈለገው በጎረቤቷ በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ምክንያት ነው፤ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው ግድብ። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከመቀመጡ በፊት ሥራው በይፋ የሚጠራበት ስም እንኳ አልነበረውም፤ «ፕሮጀክት ኤክስ» ይባል ነበር። ጉባ በረሃ ውስጥ ባለሙያ ሲወጣ ሲወርድ፣ ምን እየተሠራ ነው ብሎ ለጠየቀ መንግሥት ራሱ እንደዚያ ዘመን ሽማግሌ «እኔ ምን አውቃለሁ» ዓይነት ፊት ነበረው። በዚህ ጉዳይ ጸሐፊው መንግሥትን ያደንቃል፤ ዕድሉም ብዙ ጊዜ አያጋጥመውም።

ለአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለማንኩሽ መምህራን ግን አንድ ልመና አለ። ጉሙዙም በርታውም ለባሪያ ፈንጋይ፣ ለግብር ሰብሳቢና ለወርቅ ፈላጊ ጌታ ሲናገር የኖረውን የውሸት ዓይነት፣ የመደበቂያ ዘዴና ቀልድ በገዛ ቋንቋው የሚያስታውሱ አዛውንቶች አሉ። የእጅ ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱና ቅዱ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ» ካሏችሁ አትመኑ፤ ቡናውን እስከ በረካው ጠጡና እንደገና ጠይቁ።